ጆሮውን ያልጠየቀ ማዳመጫ

(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው የአበው ቃል ለዛሬው ንግግሬ መነሻ ይሆነኛል። አበው ይህን የተናገሩት ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ወሬ ከሁሉ በኋላ የሚሰማ መሆኑን ለማመልከት ነው። ነገር ግን ይህ ቃል በዘመናችን ሌላ ትርጉም ደርቦ የያዘ ይመስለኛል። ጆሮአችንን በገዛ እጃችን በሁለት ትናንሽ ቡሾች ደፍነን በምንውልበት በአሁኑ ጊዜ፥ በእውነት ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ሆኗል።

የምናገረው ስለ ጆሮ ማዳመጫ፥ በተለምዶ «ኤርፎን» እያልን ስለምንጠራው ዕቃ ነው። «የራዲዮ ጊዜና የጋዜጣ ዓምድ የሚባክነው ለዚህ ነውን?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዕቃው ትንሽ መሆኑን እኔም አልክድም። ይሁን እንጂ በዚህ ትንሽ ዕቃ ምክንያት አባቴ የአርባ ዓመት ወዳጃቸውን ቀብር ሳይደርሱ ቀርተዋል። በእኛ አገር ከወዳጅ ቀብር መቅረት ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስለዚህ ጥቂት ጊዜ እንድትታገሡኝ እለምናችኋለሁ።

አባቴ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ረጅም ዘመን አገልግለው በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው። የምንኖረው በልደታ፥ ከጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀኝ ጆሮአቸው በሕመም ምክንያት ከደከመ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ የሚሰሙት በግራው ነው። ጧት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ቡናቸውን ሲጠጡ፥ በባለ ቁልፍ ስልካቸው ላይ የገመድ ማዳመጫ ሰክተው የኤፍ ኤም ዜና ማዳመጥ ልማዳቸው ነበር። ከጥቂት ጊዜ በፊት ግን ያ ማዳመጫ በግራ በኩል ዝም አለ። ገመዱን ከመሰኪያው አጠገብ በጣት ጠምዘዝ ሲያደርጉት ይናገራል፤ ሲለቁት ዝም ይላል። ስለዚህ አባቴ በአንድ እጃቸው ስኒ፥ በሌላው እጃቸው ገመድ ይዘው ዜና መከታተል ጀመሩ።

እኔም ይህን አይቼ አዘንሁ። የዘመን መለወጫ በዓል ሲደርስ አዲስ ስልክና ገመድ የሌለው፥ በብሉቱዝ የሚሠራ ማዳመጫ ገዝቼ አበረከትሁላቸው። በልቤም «ከገመድ ጣጣ ገላገልኋቸው» ብዬ ኮርቼ ነበር። ኩራቴ ግን እስከ ማግሥቱ ጧት እንኳ አልዘለቀም።

በማግሥቱ አባቴ የኤፍ ኤም ዜና ሊከፍቱ ቢሉ፥ ስልኩ «ማዳመጫ ይሰኩ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ማዳመጫው በጆሮአቸው ውስጥ ተቀምጧል፤ ስልኩ ግን የለም ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። በስልክ ውስጥ ያለው የኤፍ ኤም ራዲዮ የራሱ አንቴና የለውም፤ አንቴናው የማዳመጫው ገመድ ነው። ለምሳሌ በ97.1 ሜጋኸርዝ የሚተላለፍ ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ9 ሳንቲሜትር ያህል ነው። አንቴና በደንብ ለመቀበል የዚህን ሩብ፥ ማለት 77 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ቢኖረው ይበቃዋል። ከጆሮ እስከ ኪስ የሚደርሰው ገመድ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። እኔ እንደ ትርፍ ነገር ቈጥሬ ያስወገድሁት ገመድ፥ ለካ ራዲዮው ራሱ የሚሰማበት ጆሮ ኖሯል።

ሁለተኛው ችግር የግራና የቀኝ ነገር ነው። በየማዳመጫው ላይ ግራውን ከቀኙ የሚለይ አንድ የላቲን ፊደል ተጽፏል። ፊደሉ የጉንዳን ዓይን ያህላል፤ በጥቁር ላይ በጥቁር ቀለም የታተመ ነው። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው፥ ከመስኮቱ አጠገብ ቆመው እንኳ ሊያነቡት አልቻሉም። አንዳንድ ሠሪዎች በግራው ማዳመጫ ላይ በጣት የምትዳሰስ ትንሽ ነጥብ ያኖራሉ። ይህች ነጥብ ወጪዋ ከምንም የማይቈጠር ነው፤ ዓይኑ ለደከመ ሰው ግን ጥቅሟ ታላቅ ነው። በአባቴ ማዳመጫ ላይ ግን አልነበረችም።

ሦስተኛው ችግር ንክኪው ነው። ማዳመጫው ቁልፍ የለውም፤ በጣት ሲነካ ይታዘዛል። አንድ ጊዜ ቢነኩት ድምፁ ይቆማል፤ ሁለት ጊዜ ቢነኩት ስልክ ይነሣል፤ ጥቂት ይዘው ቢቈዩ ሌላ ነገር ያደርጋል። አባቴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው በመለሱ ቁጥር የጋቢው ጫፍ ማዳመጫውን እየነካ ያዘዋል። በዚህ ላይ ባትሪው ሲደክም አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ትናገራለች። በመጀመሪያው ቀን አባቴ ዞር ብለው «ማናት ይህች ልጅ?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን።

አራተኛው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ ማዳመጫውን ከጆሮአቸው አውጥተው፥ ወደ ማኖሪያው ሳይመልሱ በኮታቸው ኪስ ጨመሩትና ኮታቸውን በመኝታ ክፍላቸው ሰቀሉት። ማዳመጫው ከማኖሪያው ውጭ እስካለ ድረስ ከስልኩ ጋር እንደ ተገናኘ ይቈያል። ጥቂት ቈይቶ ስልኩ ጮኸ። አባቴ ስልኩን አንሥተው ወደ ግራ ጆሮአቸው አስጠግተው «ሃሎ፥ ሃሎ» አሉ። መልስ የለም። ደዋዩ ይናገር ነበር፤ ነገር ግን ድምፁ የሚሰማው በሌላ ክፍል፥ በተሰቀለ ኮት ኪስ ውስጥ ነው። ደዋዩም የአባቴን ድምፅ አልሰማም፤ ምክንያቱም የሚናገሩበት ማይክሮፎን ጭምር ወደ ኪሱ ሄዷል። ሦስት ጊዜ ደወለ። በሦስተኛው ጊዜ፥ እንደ ማንኛችንም «ኔትወርክ ነው» ብሎ ተወው። አባቴም «ኔትወርክ ነው» ብለው ስልኩን አስቀመጡት።

ደዋዩ የአባቴ የቀድሞ ባልደረባ ሲሆን፥ ሊነግራቸው የፈለገው አንድ ወዳጃቸው ማረፋቸውን ነበር። በማግሥቱ እሑድ ቀብሩ ተፈጸመ፤ ያውም ከቤታችን የዐሥር ደቂቃ መንገድ በማይሞላ ደብር ነው። አባቴ የሰሙት በሦስተኛው ቀን ነው። ከለቅሶ ቤት ሲደርሱ የሟቹ ባለቤት ቀና ብለው አዩአቸውና፥ «እርስዎም ቀሩብን?» አሉአቸው። አባቴ ነገሩን ለማስረዳት አልሞከሩም። ለሐዘንተኛ ስለ ብሉቱዝ እንዴት ይነገራል? አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ዕቃ በሌላ ዓይን እመለከተው ጀመር። ታሪኩንም ልመርምር ብዬ ያገኘሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

የራስ ላይ ማዳመጫ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ናታንኤል ባልድዊን የተባለ የዩታ ተወላጅ አሜሪካዊ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1910 ዓ.ም. የሠራውን ማዳመጫ ለአሜሪካ የባሕር ኃይል አቀረበ። ባሕር ኃይሉም ወዶት ማዘዝ ጀመረ፤ ሰውዬውም ዕቃውን የሚሠራው በቤቱ ማድ ቤት ውስጥ ነበር። ከባሕር ኃይሉ በኩል የቀረበለት አስተያየት በራስ ላይ የሚቀመጠው ክፍል ይበልጥ የሚመች እንዲሆን ነበር። ባልድዊንም ቆዳ የለበሱ፥ እንደ ራስ ልክ የሚረዝሙና የሚያጥሩ ሁለት የሽቦ ዘንጎች አደረገለት። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ዕቃው ገና በተወለደ ጊዜ ተጠቃሚው ተናገረ፥ ሠሪው ሰማ፥ ዕቃውም ተሻሻለ።

የዚህን ዕቃ ጥቅም የእኛ ሠፈር ልደታም ቀደም ብሎ ያውቀዋል። ቦሌ ከመከፈቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ በልደታ ነበር፤ አካባቢው እስከ ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» እየተባለ የሚጠራው በዚሁ ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። የዚያን ዘመን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ድምፁ እንደ ነጎድጓድ ነበርና፥ ነጂው ከምድር የሚነገረውን ሊሰማ የሚችለው በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው። ለርሱ ማዳመጫ መዝናኛ ሳይሆን የተሳፋሪዎቹን ነፍስ የሚጠብቅበት መሣሪያ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኑረምበርግ በተካሄደው የፍርድ ሂደት፥ ዳኞችና ጠበቆች፥ ተከሳሾችም ጭምር፥ በጆሮ ማዳመጫ አማካይነት በእንግሊዝኛ፥ በፈረንሳይኛ፥ በሩሲያኛና በጀርመንኛ ወዲያው ለወዲያው የሚተረጐመውን ይሰሙ ነበር። የአፍሪካ መሪዎችም ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በዚሁ በከተማችን፥ በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ፥ ቋንቋቸው ለየብቻ ነበር። እንዲህ ባለው ጉባኤ የአንዱ ንግግር ለሌላው የሚደርሰው በአስተርጓሚና በጆሮ ማዳመጫ ነው። እንግዲህ ማዳመጫ ሰውን ከሰው የሚያገናኝ መሣሪያ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰውን ከሰው የሚለይ ሆኖ እናየዋለን።

ይህ ለውጥ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. «ዎክማን» የተባለውን በእጅ የሚያዝ የካሴት ማጫወቻ ካወጣ በኋላ፥ ማዳመጫ ከሥራ ቦታ ወጥቶ ወደ ጎዳና ገባ። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. አይፎን 7ን ያለ ክቡ የማዳመጫ መሰኪያ ሲያወጣ ደግሞ፥ ብዙዎች ሠሪዎች ፈለጉን ተከተሉ። ያ መሰኪያ የትውልድ ሐረጉ በ19ኛው ምዕት ዓመት ከነበረው የስልክ ማዞሪያ ይመዘዛል። ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሎ፥ ማንም ሰው በማንኛውም ዕቃ ላይ ሊሰካው የሚችል ቀላል ነገር ነበር።

የገመዱ ማዳመጫ ግን ነውር የለበትም ማለቴ አይደለም። ነውሩን እናንተም በየኪሳችሁ ይዛችሁት ትዞራላችሁ።

የመጀመሪያው ነውር መቋጠር ነው። ገመዱን አስተካክለን በኪሳችን እናኖራለን፤ ስናወጣው የሸረሪት ድር ሆኖ እናገኘዋለን። ዶሪያን ሬይመርና ዳግላስ ስሚዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ ይህን ጉዳይ መርምረው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ውጤቱን አሳትመዋል። ገመድ በሣጥን ውስጥ ጨምረው ሣጥኑን አሽከረከሩ፤ ይህንንም 3,415 ጊዜ ደጋገሙት። ገመዱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ራሱን በራሱ ይቋጥር ነበር። ከ46 ሳንቲሜትር ያጠረ ገመድ ግን የሚቋጠር ሆኖ አልተገኘም ለማለት ይቻላል። የማዳመጫ ገመድ አንድ ሜትር ከዚያም በላይ ስለሚረዝም፥ በኪስ ውስጥ መቋጠሩ የእኛ ስንፍና ሳይሆን የገመዱ ጠባይ ነው። ገመዱን በሁለት ጣት ላይ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ጠቅልሎ ማሰር ግን ችግሩን ያቃልለዋል።

ሁለተኛው ነውር የመሰኪያው አንገት ነው። በውስጡ ያሉት የመዳብ ክሮች ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ገመዱ በኪስ ውስጥ በተጠማዘዘ ቁጥር፥ ጠንካራው መሰኪያና ለስላሳው ገመድ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ይታጠፋል፤ በመጨረሻም ክሮቹ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። የአባቴ ማዳመጫ ዝም ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሠሪው በዚያ አንገት ላይ ወፈር ያለ፥ ቀስ እያለ የሚታጠፍ ጎማ ቢያደርግበት የዕቃው ዕድሜ እጅግ ይረዝም ነበር። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ መድኃኒቱን ከጠረጴዛችን አናጣውም፤ ከአሮጌ እስክሪፕቶ የወጣች ሞላ በገመዱ አንገት ላይ ተጠምጥማ፥ በላይዋ ናስትሮ ሲጠቀለልባት ያን ቦታ ከመታጠፍ ትጠብቀዋለች።

ሦስተኛው ነውር የልክ ነገር ነው። በጆሮ ውስጥ የሚገቡት ማዳመጫዎች ብዙውን ጊዜ በሦስት ልክ ከተሠሩ ትናንሽ ጎማዎች ጋር ይሸጣሉ፤ ትንሽ፥ መካከለኛና ትልቅ። አብዛኞቻችን የተገጠመውን መካከለኛውን ይዘን ሁለቱን ከነካርቶኑ እንጥላቸዋለን። ነገር ግን የአንድ ሰው ሁለት ጆሮዎች እንኳ ልካቸው ሊለያይ ይችላል። ጎማው ልክ ካልሆነ በዳር በኩል ክፍተት ይኖራል፤ በዚያ ክፍተት ወፍራሙ ድምፅ ያመልጣል፤ የመንገዱም ጫጫታ ይገባል። ያን ጊዜ ሰውዬው ምን ያደርጋል? ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ከዚህ ላይ የምቾት ጉዳይ ማብቃቱንና የጤና ጉዳይ መጀመሩን ልብ በሉ።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፥ ከ12 እስከ 35 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ወጣቶች መካከል ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጡት ከፍተኛ ድምፅ በማዳመጥ ምክንያት መስሚያቸውን የመጉዳት አደጋ አለባቸው። ድርጅቱ ለአዋቂ ሰው ያመለከተው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ90 ዴሲቤል 4 ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ በ100 ዴሲቤል 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ ይህም በቀን ሳይሆን በሳምንት ነው። በውስጠኛው ጆሮአችን ድምፅን የሚቀበሉት የፀጉር ሕዋሳት በአንድ ጆሮ ወደ 15,000 ይጠጋሉ። እነዚህ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም። የተበጠሰ ገመድ ይበየዳል፤ የተበላሸ ጆሮ ግን ጠጋኝ የለውም።

ሌላም አደጋ አለ፤ ይህን የምናገረው በራሴ ከደረሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ አንድ ምሽት ከሥራ ስመለስ ከስታዲየም በባቡር ተሳፈርሁ። እንደምታውቁት፥ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የከተማችን ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች አሉት፤ ሁለቱም ከስታዲየም እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ ይመጡና ከልደታ በኋላ ይለያያሉ። አንደኛው ወደ ጦር ኃይሎች፥ ሁለተኛው ወደ አውቶቡስ ተራ ያቀናል። በጆሮዬ አንድ ንግግር አዳምጥ ነበር፤ ዓይኔንም ጨፍኛለሁ። ስነቃ የተከበብሁት በአውቶቡስ ተራ ሕዝብ ነው። ከአጠገቤ ተቀምጠው የነበሩት አዛውንት፥ «ልጄ፥ ልደታ ስንደርስ ሰዉ ሁሉ ሲወርድ ትወርዳለህ ብዬ ነካሁህ፤ አልሰማኸኝም» አሉኝ። እኔ ያጣሁት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። በመኪና መንገድ ላይ ሁለት ጆሮውን ደፍኖ የሚሻገር ልጅ ግን ከዚህ የበለጠ ሊያጣ ይችላል። የመኪና ጥሩምባ የተሠራው ለጆሮ ነውና።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤታችን እንግባ። አንድ ባለጉዳይ ከሩቅ ሠፈር በሁለት ታክሲ መጥቶ፥ ተራ ጠብቆ፥ ከመስኮቱ ፊት ይቆማል። ከመስኮቱ በስተኋላ የተቀመጠው ጸሐፊ በአንድ ጆሮው ማዳመጫ አድርጓል። ባለጉዳዩ ጉዳዩን ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ጸሐፊውም ከመካከል «እ?» ይለዋል። ባለጉዳዩ እንደ ገና ይጀምራል። ምናልባት ጸሐፊው ማዳመጫው ላይ ምንም እያዳመጠ ላይሆን ይችላል፤ ማውጣቱን ረስቶት ይሆናል። ባለጉዳዩ ግን ይህን አያውቅም። እርሱ የሚያየው በመንግሥት ወንበር ላይ የተቀመጠውን የተደፈነ ጆሮ ነው። አባቴ በለቅሶ ቤት የደረሰባቸው ኀፍረት ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ ልባቸው ክፉ ሆኖ ሳይሆን፥ ድምፁ ወደማይሰማበት ኪስ ስለ ሄደ ነው።

በርቀት በሚደረግ ስብሰባም እንዲሁ ነው። የገመዱ ማይክሮፎን በደረታችን ላይ ይንጠለጠላል። ሰብሳቢው ሲናገር የኮቱ ክፈፍ ማይክሮፎኑን ይፈትገዋል፤ በዚያ ማዶ ላሉት የሚደርሳቸውም ስለ በጀት የሚሰጠው ማብራሪያ ሳይሆን የክረምት ነጎድጓድ ነው። አንዳንዱ ማዳመጫ ደግሞ በሌላ ስልክ ላይ ሲሰካ ዘፈኑን ከጕድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ አድርጎ ያሰማል። ምክንያቱም በመሰኪያው ላይ ካሉት አራት የብረት ክፍሎች የሁለቱ ቅደም ተከተል፥ የማይክሮፎኑና የጋራው መመለሻ፥ በልዩ ልዩ ሠሪዎች ዘንድ ተለዋውጦ ስለሚገኝ ነው። በዓይን ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ገዢው ልዩነቱን የሚያውቀው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ያሰብሁትን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፥ ስንገዛ በዓይናችን ብቻ አንግዛ። ከመደብርም ሆነ ከሱቅ በደረቴ፥ በራሳችን ስልክ ላይ ሰክተን፥ መሰኪያውን ወዲህና ወዲያ ነቅነቅ አድርገን፥ ሁለቱንም ጆሮ ሞክረን እንግዛ። ለሌላ ሰው የምንገዛ ከሆነም ሰውዬው ምን እንደሚያዳምጥበትና በየትኛው ጆሮው እንደሚሰማ አስቀድመን እንጠይቅ።

ሁለተኛ፥ አንድ ጆሮአቸው የደከመ ወላጆች ያሏችሁ፥ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ለተደራሽነት የተመደበውን ክፍል ክፈቱ። በብዙ ስልኮች ላይ የግራውንና የቀኙን ድምፅ አንድ አድርጎ በሁለቱም በኩል የሚያሰማ ትእዛዝ በዚያ ይገኛል። አለዚያ በቀኝ በኩል ብቻ የተቀዳው ድምፅ በግራ ጆሮው ለሚሰማ ሰው እንደሌለ ይቈጠራል። ገመድ የሌለውን ማዳመጫ ከጆሮ ሲያወጡም ሁልጊዜ ወደ ማኖሪያው እንዲመልሱ፥ ስልክ ተነሥቶ ድምፅ ቢጠፋ ብሉቱዙን እንዲያጠፉ አሳዩአቸው። ይህን ማሳየት ከእኔ የአምስት ደቂቃ ጊዜ የሚወስድ ነበር፤ አምስት ደቂቃ ግን አልሰጠኋቸውም።

ሦስተኛ፥ ከእናንተ መካከል በግዥ ክፍል የምትሠሩ አላችሁ። ለመሥሪያ ቤት ማዳመጫ ሲገዛ «ብዛት፥ 100» ብሎ ዝቅተኛ ዋጋ መጠበቅ ብቻ አይበቃም። ገመዱ ሲበጠስ የሚለወጥ ነውን? የመሰኪያው አንገት ጎማ አለውን? መነጽር ያደረገ፥ ሻሽ ያሰረች፥ ሹሩባ የተሠራች ሠራተኛ ራስ ላይ ይቀመጣልን? እነዚህን ጥያቄዎች በመሥፈርቱ ላይ መጻፍ አንድ መስመር ቀለም ብቻ ይጠይቃል። አስመጪዎችና ደረጃ አውጪዎችም በግራው ላይ «ግ»፥ በቀኙ ላይ «ቀ» የሚል ጐልቶ የሚታይ ፊደል፥ በካርቶኑም ውስጥ የአማርኛ መመሪያ እንዲኖር ቢያስቡበት፥ ለብዙ አባቶችና እናቶች ታላቅ ውለታ ይሆናል።

አራተኛ፥ ባለጉዳይ ከፊታችን ሲቆም ሁለቱንም ማዳመጫ አውጥተን በጠረጴዛው ላይ፥ እርሱ በሚያየው ቦታ እናስቀምጥ። አባቶቻችን ለእንግዳ ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉ ነበር፤ የእኛ ዘመን ብድግ ማለት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ስለ አባቴ የቀረውን ልንገራችሁ። ከዚያ ለቅሶ በኋላ፥ አሮጌውን የገመድ ማዳመጫ ይዤ በሠፈራችን ካለ አንድ ጠጋኝ ወጣት ዘንድ ሄድሁ። ልጁ የታመመውን አንገት ቈርጦ ጣለ፤ ክሮቹን በእሳት ጠረገ፤ ቀዩን ከቀዩ፥ አረንጓዴውን ከአረንጓዴው አገናኝቶ በአዲስ መሰኪያ ላይ በእርሳስ በየደው። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ዋጋውም ከሁለት ስኒ ማኪያቶ አይበልጥም ነበር።

ወደ ቤት ወስጄ ስሰጣቸው አባቴ ማዳመጫውን በግራ ጆሮአቸው አድርገው ጥቂት አዳመጡ። ከዚያም «አዲሱን ስትገዛልኝ ደግ አስበህ ነው» አሉኝ። «ነገር ግን ልጄ፥ ስለ ጆሮዬ እኔን ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግርህ ነበር።»

በዚያው ሳምንት እሑድ አባትና ልጅ አብረን ወደ ሟቹ ቤት ሄድን። በዚህ ጊዜ አባቴ ከሟቹ ባለቤት አጠገብ ተቀምጠው ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፥ ኮቱንና ኪሱን ሳይቀር፥ ነገሩአቸው። እሳቸውም በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠርገው፥ ካረፉበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «እሱም ቢሰማ ይስቅ ነበር» አሉ። የእኔም ስልክ በዚያ ሰዓት በኪሴ ውስጥ ጠፍቶ ነበር፤ ማዳመጫዬም ከቤት ቀርቷል።